ከስብ የሚወጣው ሆርሞን አንጎልን ከስትሮክ ጉዳት ሊጠብቅ ይችላል?

ስብ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ቦርጭ ነው። ሐኪም «ቀንስ» የሚለን፣ ሱሪ የሚያጠብብን ነገር። ሳይንቲስቶችም ለብዙ ዘመን ስለ ስብ የነበራቸው አመለካከት ከዚህ ብዙም አይርቅም ነበር። ትርፍ ምግብ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው፤ ሲያስፈልግ ይቃጠላል፤ በቃ።

ይህ አመለካከት የተለወጠው በ1994 ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። ሌፕቲን የሚመረተው የስብ ሴሎች ውስጥ ነው። በደም ተጉዞ አንጎል ይደርሳል፤ ሰውነት በቂ ክምችት እንዳለው ይነግረዋል፤ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል። ስብ ከሌላው የሰውነት ክፍል ጋር የሚነጋገር አካል መሆኑ ያኔ ገሃድ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1995 እና በ1996፣ አራት የምርምር ቡድኖች በየፊናቸው ሌላ የስብ ፕሮቲን አገኙ። አንዱ ቦስተን አጠገብ በዋይትሄድ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የሃርቪ ሎዲሽ ቤተ ሙከራ ነው። ሌላው የጃፓኑ የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ሁሉም የየራሳቸውን ስም አወጡለት። ዛሬ የሚታወቀው አዲፖኔክቲን በሚለው ስም ነው።

ይህ ሆርሞን ስትሮክ ሲመታ አንጎልን ከከፋ ጉዳት ያድናል ወይ? መልሱን ከአሁኑ ልናገር። በአይጥ ላይ አዎ፣ ያድናል፤ እንዴት እንደሚያድንም ጥሩ ማስረጃ አለ። በሰው ላይ ግን ገና አልተረጋገጠም። በእነዚህ ሁለት መልሶች መካከል ያለውን ነው ዛሬ ማብራራት የፈለግሁት። ምክንያቱም «ስብ አንጎልን ይጠብቃል» የሚል ወሬ በግማሹ ከተሰማ ጉዳት አለው።

ሰው ሲወፍር የሚያንስ ሆርሞን

አዲፖኔክቲን በደማችን ውስጥ በብዛት ይገኛል። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ3 እስከ 30 ማይክሮግራም ገደማ ነው። ይህ ሌፕቲንን ከመሳሰሉት ሆርሞኖች መጠን ጋር ሲነጻጸር በሺህ እጥፍ ይበልጣል። ሴቶች ከወንዶች ከፍ ያለ መጠን አላቸው።

አሁን ግር የሚለው ነገር ይመጣል። ሆርሞኑን የሚያመርተው ስብ ከሆነ፣ ብዙ ስብ ያለው ሰው ብዙ ሆርሞን ሊኖረው ይገባ ነበር። ሌፕቲን ላይ የሚታየውም ይኸው ነው፤ ሰው ሲወፍር ሌፕቲኑ ይጨምራል። አዲፖኔክቲን ግን ይቀንሳል። ሰውየው ክብደቱን በደንብ ሲቀንስ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል።

ለምን? የስብ ሴል እስከ ተወሰነ ደረጃ ሲሞላ ጤነኛ ነው። ከመጠን በላይ ሲያብጥ ግን ኦክስጅን በበቂ አይደርሰውም። ይጨነቃል። የሰውነት የመከላከያ ሴሎች ወደዚያ ይጎርፋሉ፣ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ይነሳል። ቲኤንኤፍ አልፋን የመሳሰሉ ብግነት አባባሽ ኬሚካሎች ይለቀቃሉ። እነሱ ደግሞ የአዲፖኔክቲንን ምርት ያፍኑታል። ሴሉ አለ፣ ስቡ አለ፣ ሆርሞኑ ግን የለም።

የስቡ ቦታም ትልቅ ነገር ነው። ዳሌና ጭን ላይ፣ ከቆዳ ሥር የተቀመጠ ስብ ብዙ አያስቸግርም። ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚጠራቀመው ግን ሲበዛ አዲፖኔክቲን እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ ሚዛን ላይ ሲወጡ እኩል የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች በጣም የተለያየ የሆርሞን መጠን ሊኖራቸው ይችላል።

ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። በእኛ ቤት «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ምርቃት ነው። ቦርጭ ደግሞ ለብዙ ወንድ የድሎት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ ወጣ ያለ ሰው «እኔ ወፍራም አይደለሁም» ብሎ ያስባል። ኢትዮጵያ ተወልደው እስራኤል በገቡ ወገኖቻችን ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ የኑሮና የምግብ ለውጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የስኳር በሽታን ከፍ እንዳደረገው አሳይተዋል። በሽታው የመጣው ብዙም ወፍራም የማይባሉ ሰዎች ላይ ጭምር ነው። የሚዛኑ ቁጥር ብቻውን አያወራም ማለት ነው።

ስትሮክ ሲመታ አንጎል ውስጥ ምን ይሆናል?

ስትሮክ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ የሚመጣው ነው። ሌላው የደም ሥር ሲፈነዳና ደም አንጎል ውስጥ ሲፈስ። በዓለም ደረጃ የሚበዛው የመጀመሪያው ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ ግን ደም የሚፈስበት ዓይነት ድርሻው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ከፍ ይላል። ዋናው ምክንያት ሳይታወቅ ወይም ሳይታከም የሚኖር ደም ግፊት ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ አብዛኛው የአዲፖኔክቲን ምርምር የተሠራው በመጀመሪያው፣ ማለትም የደም ሥር ሲዘጋ በሚመጣው ላይ ነው።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶውን የሚወስደው እሱ ነው። ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ስንቅም የለውም ማለት ይቻላል። ደም ሲቋረጥበት ወዲያው ይቸገራል።

የደም ሥሩ የተዘጋበት ቦታ መሃሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ያንን ማዳን አይቻልም። በዙሪያው ያለው ክፍል ግን ከሌሎች የደም ሥሮች በኩል ትንሽ ትንሽ ደም ይደርሰዋል። ሥራውን አቁሟል፣ ግን አልሞተም። ሐኪሞች ፔነምብራ ይሉታል። የስትሮክ ሕክምና በሙሉ የሚሯሯጠው ይህን ክፍል ለማትረፍ ነው። ጄፍሪ ሴቨር የተባሉ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም በ2006 ባወጡት ስሌት፣ ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ካልተገኘ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎች ይሞታሉ።

እዚህ ላይ ሆርሞኑን ለአፍታ ላቁመውና አንድ ነገር ልበል። ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ድንገት ከዛለ፣ ምላስ ከተሳሰረ ወይም ንግግር ከተዛባ ስትሮክ ነው ብሎ መነሳት ይሻላል። «ድካም ነው፣ ትንሽ ይተኛበት» የሚባለው ነገር ፔነምብራውን ይዞት ይሄዳል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ አስፕሪን መስጠትም ልክ አይደለም። ሥሩ ተዘግቶ ይሁን ፈንድቶ በዓይን አይለይም፤ የሚለየው በሲቲ ስካን ነው። ፈንድቶ ከሆነ አስፕሪን ያባብሰዋል። ለሐኪሙ በጣም የሚጠቅመው መረጃ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበት ሰዓት ነው። ያንን ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ።

ወደ አንጎሉ እንመለስ። ኦክስጅንና ስኳር ሲያጣ የነርቭ ሴል ጉልበት ያልቅበታል። ጨዎችን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያመላልሱት ፓምፖቹ ይቆማሉ። ሴሉ ግሉታሜት የሚባለውን ኬሚካል ይለቃል። ግሉታሜቱ ጎረቤት ሴሎችን ከሚገባው በላይ ያስነሳቸዋል፤ ካልሲየም ይጎርፍባቸዋል፣ እነሱም መሞት ይጀምራሉ። ጉዳቱ በዚህ መንገድ ከመሃል ወደ ዳር ይሰፋል። ከዚያ ብግነት ይከተላል። የመከላከያ ሴሎች ሊያጸዱ መጥተው ያልሞተውንም ያቆስላሉ። የሚገርመው ደግሞ፣ የተዘጋው ሥር ተከፍቶ ደም ሲመለስ ራሱ ሌላ ጉዳት አለው። ድንገት የመጣው ኦክስጅን የተዳከመውን ሴል የሚጎዱ ኬሚካሎች ይፈጥራል። በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ሂደቱን የሚያለዝብ ነገር ከተገኘ ብዙ አንጎል ይተርፋል።

ቀዩና ነጩ

ሙከራው እንዴት እንደሚሠራ በቅርበት ማየት ጥሩ ነው። ምክንያቱም የውጤቱ ጥንካሬም ድክመቱም እዚያው ውስጥ አለ።

አይጧ ማደንዘዣ ይሰጣታል። ተመራማሪው አንገቷ ላይ ትንሽ ይከፍታል። ጫፉ የለሰለሰ ቀጭን የናይለን ክር ወደ አንጎል በሚሄደው የደም ሥር ውስጥ ያስገባል። ክሩን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ይገፋዋል። ክሩ የአንጎልን ጎን የሚመግበው ትልቁ የደም ሥር መነሻ ላይ ሲደርስ ይዘጋዋል። ለአንድ ሰዓት ያህል እንደዚያ ይቆያል። ከዚያ ክሩ ይሳባል፤ ደም ይመለሳል።

በማግስቱ የአይጧ አንጎል ይወጣና በስሱ በስሱ ይቆራረጣል። ቁራጮቹ ቲቲሲ የሚባል ቀለም የሌለው ፈሳሽ ውስጥ ይነከራሉ። በሕይወት ያለ ሴል ይህን ኬሚካል ወደ ደማቅ ቀይ ይለውጠዋል። የሞተ ሴል ግን ይህን የማድረግ አቅም ስለሌለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስትሮኩ የበላው ቦታ ቀይ መሃል ላይ ቁልጭ ብሎ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጩ ፎቶ ተነስቶ ስፋቱ ይለካል።

በ2008 በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የኬኔት ዎልሽ ቡድን ይህን ሙከራ በሁለት ዓይነት አይጦች ላይ ሠራ። አንዱ ጤናማ ነው። ሌላው አዲፖኔክቲን የሚያመርተው ጂን የወጣለት ነው፤ ሆርሞኑ ጭራሽ የለውም። ሥሩ ለአንድ ሰዓት ተዘጋ፣ ከዚያ ለ23 ሰዓት ተከፈተ። ሆርሞን የሌላቸው አይጦች ነጩ ቦታቸው ሰፊ ሆነ። እንቅስቃሴያቸውም የባሰ ተጎዳ። ሥሩ ተዘግቶ ሳለ አንጎላቸው ላይ የሚደርሰው ደምም ከጤናማዎቹ ያነሰ ነበር።

ተመራማሪዎቹ ከዚያ በተቃራኒው ሄዱ። የሆርሞኑን ጂን በተሸከመ፣ ጉዳት በማያመጣ ቫይረስ አማካይነት አዲፖኔክቲን በብዛት እንዲመረት አደረጉ። ነጩ ቦታ ጠበበ። ሆርሞኑ በሌላቸው ላይም፣ ድሮም ባላቸው ጤናማዎች ላይም።

እኔ ከዚህ ጥናት በጣም የምወደው ቀጥሎ ያለውን እርምጃ ነው። ሆርሞኑ ይጠቅማል ብሎ ማቆም ይቻል ነበር። እነሱ ግን «በየት በኩል?» ብለው ጠየቁ። የጠረጠሩት የደም ሥሮችን የውስጥ ግድግዳ ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራ ኢንዛይም አለ። ናይትሪክ ኦክሳይድ የደም ሥርን ያሰፋል፤ የደም መርጊያ ሴሎችም እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። አዲፖኔክቲን የሌላቸው አይጦች ላይ ይህ ኢንዛይም ደከም ብሎ ተገኘ። ሆርሞኑ ሲጨመር በረታ። በመጨረሻም ይህ ኢንዛይም ጭራሽ የሌላቸውን አይጦች ወሰዱና ሆርሞኑን ሰጧቸው። ጥበቃው ጠፋ።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ግልጽ ነው። በእነዚህ አይጦች ላይ አዲፖኔክቲን አንጎልን የሚጠብቀው በደም ሥሮቹ በኩል ነው። በተዘጋው ሥር ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ሥሮች ሰፋ እንዲሉ ያደርጋል፤ ፔነምብራው ትንሽ የበለጠ ደም ያገኛል፤ ትንሽ የበለጠ ጊዜም ይቆያል።

ይህ ከሌላ እውነታ ጋርም ይገጥማል። አዲፖኔክቲን ትልቅ ፕሮቲን ነው። ሦስት፣ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ተያይዞ ነው በደም የሚዞረው። አንጎልን ከደም የሚለየውን ግድግዳ በቀላሉ አያልፍም። በአንጎልና በአከርካሪ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው መጠን በደም ውስጥ ካለው አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ሥራውን ለመሥራት አንጎል ውስጥ መግባት አይጠበቅበትም፤ የደም ሥሩ ግድግዳ ይበቃዋል። ሴሎች ላይ ሆነው የሆርሞኑን መልእክት የሚቀበሉት ሁለቱ ዋና ተቀባዮች በ2003 የተገኙት በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የታካሺ ካዶዋኪ ቡድን ነው።

ሌላም ሥራ አለው። በአይጠ መጎጥ ላይ የተሠሩ ሙከራዎች፣ ሆርሞኑ ከስትሮክ በኋላ የሚነሳውን ብግነት እንደሚያበርድ አሳይተዋል። ዳሩ ግን የደም ሥሩ ታሪክ ነው እስካሁን በደንብ የተጠናው።

ሌፕቲንስ? በ2007 በፒትስበርግ የተሠራ ጥናት ሌፕቲን በመርፌ የተሰጣቸው አይጦች የስትሮክ ጉዳታቸው እንዳነሰ አሳይቷል። ችግሩ ወፍራም ሰው ድሮም ሌፕቲኑ ከፍተኛ ነው፤ አንጎሉ ግን መልእክቱን መስማት አቁሟል። ለዚህ ነው እኔ አዲፖኔክቲን ላይ ያተኮርኩት።

ሰው ላይ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል

ሰውን ሆን ብሎ ስትሮክ ማስያዝ አይቻልም። የሚቻለው ስትሮክ የያዛቸውን ሰዎች ደም መለካትና መከታተል ነው። በ2005 የታተመ የግሪክ ጥናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሮክ ይዟቸው ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን ለ5 ዓመት ተከታተለ። ሲገቡ አዲፖኔክቲናቸው ዝቅ ያለባቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ይህ ከአይጦቹ ጋር ይስማማል።

ሌሎች ጥናቶች ግን ተቃራኒውን አሳዩ። በተለይ በዕድሜ በገፉና የልብ ድካም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከፍ ያለ አዲፖኔክቲን ከከፋ ውጤት ጋር አብሮ ተገኘ። ተመራማሪዎች ይህን የአዲፖኔክቲን ተቃርኖ ይሉታል፤ ገና የሚያከራክራቸው ጉዳይ ነው።

አንደኛው ማብራሪያ ሰውነት ሲጎዳ ሆርሞኑን ለመከላከያ ያበዛዋል የሚል ነው። በዚህ ማብራሪያ ከፍ ያለው ቁጥር የበሽታው ክብደት ምልክት እንጂ መንስኤው አይደለም። ሁለተኛው፣ በጠና የታመመ ሰው ይከሳል፤ ሲከሳ አዲፖኔክቲኑ ይወጣል። ከሲታነቱ ራሱ የመጥፎ ነገር ምልክት ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ኢንሱሊን እንደማይሠራለት ሰውነት ሁሉ፣ ሆርሞኑ ተትረፍርፎ ሴሎቹ ላይሰሙት ይችላሉ የሚል ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያሳምኑኛል። ቢሆንም አንድ ነገር እርግጥ ነው፤ የአንድን ሰው አዲፖኔክቲን በደም ምርመራ ለክቶ «አንተ ተጠብቀሃል» ማለት አይቻልም።

አይጥ ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም

በስትሮክ ምርምር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መራር ታሪክ አለ። በ2006 የታተመ አንድ ግምገማ ለስትሮክ የተሞከሩ 1,026 ሕክምናዎችን ቆጠረ። ብዙዎቹ እንስሳት ላይ ውጤታማ ነበሩ። አንጎልን የሚጠብቅ መድኃኒት ሆኖ ሐኪም ቤት የደረሰ ግን የለም ማለት ይቻላል። በጣም ተስፋ የተጣለበት ኤንኤክስዋይ 059 የተባለው መድኃኒት ነበር። በ2006 የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ጥሩ ውጤት አሳየ። በ2007 ከ3,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ሁለተኛው ሙከራ ወጣ፤ ምንም ጥቅም አልተገኘበትም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? የቤተ ሙከራ አይጥ ወጣት ናት። ጤነኛ ናት። ሥሯ የተዘጋበትን ደቂቃ ተመራማሪው ያውቀዋል፤ የሚከፍተውም እሱ ነው። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የሚሰጣት ከስትሮኩ በፊት ወይም ወዲያው ነው። የቦስተኑ ጥናት ላይም ሆርሞኑ የተጨመረው አስቀድሞ ነው። ሰው ደግሞ 65 ዓመቱ ነው። ግፊት አለበት፣ ስኳር አለበት። ሲነጋ ነው ከአልጋው መነሳት ያቃተው። ሆስፒታል የደረሰው ከሰዓታት በኋላ ነው። ሥሩም ላይከፈት ይችላል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ከ2015 ጀምሮ የተረጋ ደምን በቀጭን ቱቦ ገብቶ ስቦ ማውጣት እንደሚሠራ በተከታታይ ሙከራዎች ተረጋገጠ። በ2018 ደግሞ ተመርጠው ለተለዩ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊደረግ እንደሚችል ታየ። ሐኪሙ ሥሩን በሚያውቀው ሰዓት ይከፍተዋል፤ አይጧ ላይ ክሩ ሲሳብ እንደሚሆነው ማለት ነው። የሰው ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ የአይጡን ሙከራ መሰለ። በ2020 ኔሪኔታይድ የተባለ መድኃኒት ከዚህ ሕክምና ጋር ተጣምሮ 1,105 ሕሙማን ላይ ተሞክሯል። ባጠቃላይ ልዩነት አላመጣም። የአሞካከሩ መንገድ ግን ተከፍቷል፤ አዲፖኔክቲንን የሚመስል መድኃኒት አንድ ቀን ሰው ላይ ቢሞከር በዚህ መንገድ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

መድኃኒቱን መሥራት ለምን ከበደ?

ሆርሞኑን እንደ ኢንሱሊን በመርፌ መስጠት አይቻልም ወይ? ችግሩ ብዛቱና አሠራሩ ነው። አዲፖኔክቲን በደም ውስጥ ብዙ ስለሆነ፣ ለውጥ ለማምጣት ብዙ መስጠት ያስፈልጋል። የሚሠራውም በትክክል ተያይዞ ሲገጣጠም ነው። ይህን በፋብሪካ በብዛት ማምረት ከባድ ነው።

ስለዚህ የቶኪዮው ቡድን አቋራጭ ፈለገ። በ2013 አዲፖሮን የተባለች ትንሽ ሞለኪውል ይፋ አደረገ። በአፍ ትወሰዳለች፤ የአዲፖኔክቲንን ተቀባዮች በቀጥታ ታነቃቃለች። ወፍራምና ስኳር ያለባቸው አይጦች ሲወስዷት ስኳራቸው ተሻሻለ፣ ዕድሜያቸውም ረዘመ። በኋላ ደም በሚፈስበት ስትሮክ ላይም በአይጥ ተሞክራ ጥሩ ምልክት አሳይታለች። ለእኛ አገር ይህ ሁለተኛው የበለጠ ትርጉም አለው። ሐኪም ጽፎ የሚሰጣት መድኃኒት ግን አይደለችም።

ሰው ላይ የተሠራ፣ በተዘዋዋሪ የሚነካን አንድ ትልቅ ሙከራ አለ። ፒዮግሊታዞን የሚባል የስኳር መድኃኒት አዲፖኔክቲንን በግልጽ ከፍ ያደርጋል። በ2016 የወጣው ጥናት በቅርቡ ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ ስትሮክ የያዛቸው፣ ስኳር የሌለባቸው ግን ኢንሱሊን በደንብ የማይሠራላቸው 3,876 ሰዎችን ለ5 ዓመት ገደማ ተከታተለ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 9 በመቶው እንደገና ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ያዛቸው። ካልወሰዱት ደግሞ 11.8 በመቶው። ጥሩ ልዩነት ነው። ግን መድኃኒቱ ክብደት ጨመረ፣ ሰውነት አሳበጠ፣ የአጥንት ስብራትም አበዛ። ደግሞም ፒዮግሊታዞን ብዙ ሥራ አለው፤ ጥቅሙ በሙሉ የአዲፖኔክቲን ነው ማለት አይቻልም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መድኃኒቱ ሰውን ያወፍራል፣ ሆርሞኑን ግን ከፍ ያደርጋል። አንዱ ምክንያት ስቡን ከሆድ ዕቃ ወደ ቆዳ ሥር ማዛወሩ ሊሆን ይችላል። ይህ ከላይ ስለ ስቡ ቦታ ካልኩት ነገር ጋር ይገጥማል።

እስከዚያው

አዲፖኔክቲን የሚባል ክኒን ገበያ ላይ የለም። «አዲፖኔክቲን ይጨምራል» ተብሎ በኢንተርኔት የሚሸጥ እንክብል ስትሮክን እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃም የለም። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ለእናትና አባት እንዲህ ያለ ነገር ገዝታችሁ ከመላክ በዚያው ብር የግፊት መለኪያ ብትልኩ እመርጣለሁ።

ሆርሞኑን ከፍ የሚያደርገው የታወቀው መንገድ ክብደትን፣ በተለይ ቦርጭን፣ በደንብ መቀነስ ነው። ሁለት ኪሎ ቀንሶ ለውጥ መጠበቅ አያዋጣም፤ የሚታይ ልዩነት የሚመጣው ክብደቱ ጠቀም ባለ መጠን ሲወርድና ሲቆይ ነው። የሚያጨሱ ሰዎች ላይም ሆርሞኑ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ቦርጭ ሲቀንስ ደግሞ አዲፖኔክቲን ብቻ አይደለም የሚስተካከለው። ግፊቱም ስኳሩም ይወርዳል። የስትሮክ አደጋው የሚቀንሰው በየትኛው በኩል እንደሆነ ለይቶ መናገር ከባድ ነው፤ ለታማሚው ግን ልዩነት የለውም።

ከሁሉም በላይ ለስትሮክ የሚያጋልጠው ደም ግፊት ነው። ግፊት አያምም። ራስ ምታት ካልመጣ የለብኝም የሚለው እምነት ብዙ ሰው አሳጥቶናል። የታዘዘውን መድኃኒት «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ ማቋረጥም እንደዚሁ። ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ መለካት ደቂቃዎች ይፈጃል። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ይጀመራል፣ መድኃኒቱም በአብዛኛው ርካሽ ነው።